«ሲርባት ትበላለች» የማይሠራባት እንስሳ፦ ምግብ የምትመርጥ ድመትና የነፍሰ ጡር እናት ቤት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ድመት ነው። «ዶክተር፣ ምነው? ስለ ሰው መጻፍ ጨረሱ እንዴ?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ድመት ከልጆቻችን ጋር ትተኛለች፤ ነፍሰ ጡሮቻችን ሳህኗን ያጥባሉ፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ይጠርጋሉ። ስለዚህ የምትበላው ነገር የእሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በውስጥ መስመርም «ድመታችን ከደረቁ ምግብ ሌላ አልነካም አለች፣ ምን እናድርግ?» የምትሉኝ አላችሁ። እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። የእንስሳቱን ክፍል የእንስሳት ሐኪም ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ተማክሬ፣ የሰውን ክፍል ደግሞ ከራሴ ሙያ ተነሥቼ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት በታናሽ እህቴ ቤት ነው። ባለቤቷ ሥራ የደረሰው ራቤል ስለሆነ ጓዟን ጠቅልላ ከአዲስ አበባ ወደዚያው ሄደች። ራቤልን ለማታውቁ፣ በደብረ ብርሃን አልፋችሁ፣ በመሐል ሜዳ አድርጋችሁ የምትደርሱባት የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። ብርዱ ባና የሚያስደርብ፣ ምድሩ የገብስና የበግ አገር ነው። እህቴ ያኔ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከጓዟ ጋር ቡልዬ የምትባል ድመቷንም ይዛ ነው የሄደችው።

ቡልዬ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ያደገችው ከሱፐርማርኬት በሚገዛው ደረቅ የድመት ምግብ ነው። እኛ ቤት «የቡልዬ ቆሎ» ነው የሚባለው። ሳህኗ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ይቀመጣል፤ ስታልፍ ስታገድም ትቆረጥማለች። እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ከቤትም አትወጣም፤ ስለዚህ ወፍራ 6 ኪሎ ደርሳለች። እህቴ በራቤል ሱቆች ብትጠይቅ የሰው ቆሎ እንጂ የቡልዬ ቆሎ አልተገኘም።

የያዘችው ከረጢት ወደ ማለቁ ሲቃረብ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን! ሉካንዳው ዝግ፣ በየጓዳውም ሥጋ የለም። እህቴ የቀረውን ቆሎ ለክፉ ቀን ብላ አስቀመጠችና የተቀቀለ እንቁላል ለቡልዬ አቀረበችላት። ቡልዬ አሸተተች፣ እንደ ቆሻሻ ልትቀብረው በእግሯ መሬቱን ጫር ጫር አደረገች፣ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። የቤቱ አከራይ እትዬ ነገሩን አይተው፣ «ተዪያት ልጄ፣ ምን ያቅብጣታል! ሲርባት ድንጋይም ትቆረጥማለች» አሉ። የእሳቸው ድመት የጎተራውን አይጥ ስታሳድድ ውላ ማታ የተረፈ እንጀራ የምትለቃቅም ናትና አይፈረድባቸውም።

እህቴ በሁለተኛው ቀን ማታ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ቡልዬ ምንም አልቀመሰችም። እትዬ ተዪያት ይሉኛል። ልተዋት?»

«አትተዪያት። አሁኑኑ ቆሎዋን ስጫት» አልኳት።

ሰጠቻት፤ በላች። አሁን ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ።

ድመት በረሃብ አትማርም

እትዬ ያሉት ለብዙ እንስሳ እውነት ነው። ጤነኛ ውሻ አንድ ሁለት ቀን ቢያኮርፍ በሦስተኛው ይበላል። እኛም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን እንውላለን፤ ጉበታችን መጀመሪያ ያከማቸውን ስኳር ያወጣል፣ ጾሙ ሲረዝም ደግሞ ስቡን እየመነዘረ ያሻግረናል።

የድመት ጉበት የተሠራው ግን በየቀኑ ሥጋ እንዲደርሰው ነው። ምግብ ሲቋረጥባት በሰውነቷ የተከማቸው ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል። ጉበቷ ያንን ሁሉ አቃጥሎ ወይም መልሶ አስወጥቶ አይጨርሰውም፤ ራሱ በስብ ይሞላና ሥራው ይስተጓጎላል። ይህ ከጥቂት ቀናት ረሃብ በኋላ ሊጀምር የሚችል፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። እንደ ቡልዬ ያለች ወፍራም ድመት ደግሞ ከሁሉ በላይ ተጋላጭ ናት። ክፋቱ፣ በሽታው አንዴ ከጀመረ ድመቷ የምግብ ፍላጎቷ ጨርሶ ይጠፋል። «ሲርባት ትበላለች» ያልናት ድመት ያኔ ብትራብም አትበላም። ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ለሳምንታት በቱቦ መመገብ ነው። ይህን በገጠር ከተማ ከየት ታመጡታላችሁ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው፦ ድመት አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ሙከራውን አቁማችሁ ወደምታውቀው ምግብ መልሷት። የምታውቀውንም እምቢ ካለች ጉዳዩ ምርጫ ሳይሆን ሕመም ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ታዲያ መለወጥ ለምን አስፈለገ?

በመጀመሪያ ደረቁ ምግብ መርዝ አይደለም። በደንብ የተመጣጠነ ደረቅ ምግብ፣ ቤት ውስጥ በግምት ከሚዘጋጅ ምግብ ይሻላል። ጉድለቱ ውኃው ነው። የቤት ድመት የዘር ግንድ የአፍሪካ የዱር ድመት ናት፤ በአገራችንም ትገኛለች። ይህች እንስሳ ውኃዋን በብዛት የምታገኘው ከምታድነው ሥጋ ስለሆነ ጥማት ቶሎ አይሰማትም። የአይጥ ሰውነት ሁለት ሦስተኛው ያህል ውኃ ነው። እርጥብ የድመት ምግብ 75 በመቶና ከዚያ በላይ ውኃ ሲይዝ፣ ደረቁ ግን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቆሎ ብቻ የምትበላ ድመት ጎድሎ የቀረውን ሁሉ ጠጥታ አትሞላውም። ሽንቷ ይወፍራል፤ በተለይ ወንዱ ድመት የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋበት ይችላል። ወንድ ድመታችሁ ለመሽናት እያማጠ ጠብ የሚል ከሌለ፣ ለነገ የማይባል አደጋ ነው።

ለቡልዬ ግን ዋናው ምክንያት ቀላል ነበር፤ ቆሎው ሊያልቅ ነው።

እህቴ ያደረገችው፣ ደረጃ በደረጃ

1ኛ. ሰዓት ማስያዝ። ቀኑን ሙሉ ሞልቶ የሚቀመጠው ሳህን ተነሣ። ቆሎው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለግማሽ ሰዓት ይቀርባል፣ ከዚያ ይነሣል። መጠኑ አልተቀነሰም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለወጠው። ሲቆረጥም የዋለ ሆድ አዲስ ነገር አይሞክርም፤ ለምግብ ሰዓት ትንሽ የራበው ሆድ ግን ያሸታል። ቡልዬ ይህን ለመልመድ አምስት ቀን ፈጀባት።

2ኛ. በምትክ ሳይሆን በጎን። የሻይ ማንኪያ ጫፍ የምታህል የተቀቀለ እንቁላል፣ ከቆሎው አጠገብ በሌላ ጠፍጣፋ ሳህን ትቀመጣለች። ብትነካው ባትነካው ማንም አያባብላትም፣ ማንም አይቆጣትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዞር ብላም አላየችው።

3ኛ. ሽታ። ድመት የምትመርጠው ከምላሷ ይልቅ በአፍንጫዋ ነው። በራቤል ብርድ የቀዘቀዘ እንቁላል ሽታ የለውም። እህቴ እንቁላሉን በሙቅ ውኃ ለብ እያደረገች፣ ቆሎውን በሙቀጫ ወቅጣ ሚጥሚጣ እንደሚነሰነስ በላዩ ነሰነሰችበት። ቡልዬ ዱቄቱን ስትልስ እንቁላሉም አብሮ ገባ። የተለወጠው ያን ቀን ነው።

4ኛ. ቀስ በቀስ። ከዚያ በኋላ አዲሱ ምግብ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እየሆነ ሄደ። አንዱን ደረጃ ለሦስት ለአራት ቀን ካልተለማመደች ወደሚቀጥለው አይታለፍም። እምቢ ስትል አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ብዙ ድመት በ7 እስከ 10 ቀን ይለወጣል ይባላል፤ መራጭ ድመት ግን ወራትም ሊወስድባት ይችላል። ቡልዬ ስድስት ሳምንት ወሰደባት። ቆሎው የበቃውም እየተቆጠበ ስለተነሰነሰ ነው።

5ኛ. ሚዛን። በየሳምንቱ ቡልዬ በካርቶን ሆና የሰፈሩ ሱቅ ሚዛን ላይ ትወጣ ነበር። «ዛሬም ሽንኩርት አመጣሽ?» እያለ ባለሱቁ ይስቃል። ለ6 ኪሎ ድመት በሳምንት እስከ 100 ግራም ገደማ መቀነስ አያስፈራም። ከዚያ ብዙ ከቀነሰች ግን ሙከራው ይቆማል።

ወላጆች፣ ይህን መንገድ ምግብ ለሚመርጥ ልጃችሁም አትርሱት። አዲስ ምግብ ከሚወደው ምግብ ጎን በትንሹ ይቀመጥ፤ አታስገድዱት፣ አትደልሉት፤ በምግቦች መካከል በብስኩትና በጣፋጭ ሆዱን አትሙሉት። ልጅ አንድን አዲስ ምግብ ከመቀበሉ በፊት 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ሊቀርብለት ይችላል። በሁለተኛው ቀን «ልጄ ይህን አይወድም» ብላችሁ አትፍረዱ።

ከወጣችን አትስጧት

በብዙ ቤት ድመት የሚሰጣት የተረፈ ወጥ በእንጀራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ አደጋ አለ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ጥሬ ይሁን የበሰለ፣ ቢደርቅ ቢፈጭም ያው ነው። ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽሮውም በርበሬውም ነጭ ሽንኩርት አለበት። የእትዬ ድመት ለዓመታት ፍትፍት እየለቃቀመች ኖራለች፤ ግን ብዙውን ቀን ሆዷን የምትሞላው በአይጥ ነው። ወጥ ብቻ ለሚሰጣት የቤት ድመት ግን ነገሩ የተለየ ነው። ለድመት የሚቀቀል ሥጋ ለብቻው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ጨው ይሁን።

ወተትም እንደምናስበው አይደለም። ብዙ ያደገ ድመት የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችል ያስቀምጠዋል። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና አትስጡ። ጉበት ትወዳለች፣ ግን በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና አጥንቷን ይጎዳል፤ አልፎ አልፎ፣ በትንሹ ይበቃታል።

ጥሬ ሥጋስ? ነፍሰ ጡሯስ?

ፋሲካ ሆነ፣ በጉ ታረደ። እትዬ ደግ ሴት ናቸው፤ ለቡልዬ ከሳንባውም ከጉበቱም በጥሬው ቆርጠው ይዘው መጡ። «ድመት የበሰለ የት ታውቃለች?» አሉ። እውነት ነው፣ ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት፤ ጥሬ ሥጋ ይጥማታል። በውጭ አገርም «ተፈጥሯዊ ነው» ብለው ለድመት ጥሬ ሥጋ የሚሰጡ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን እህቴን «ቀቅዪው» አልኳት። ምክንያቴም ነፍሰ ጡርነቷ ነው።

ቶክሶፕላዝማ የሚባል ዓይነ ሥጋ የማያየው ጥገኛ ተሕዋስ አለ። በበግ፣ በፍየል፣ በአሳማና በሌሎች እንስሳት ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ድመት በጥሬው ስትበላው በአንጀቷ ይራባና በዓይነ ምድሯ እንቁላል መሰል ዘሩ ይወጣል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል። ፅንስ ሊያስወርድ፣ የሕፃኑን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ስናገር ነፍሰ ጡሮች ደንግጠው ድመታቸውን አውጥተው እንዲጥሉ አይደለም። «እርጉዝ ነሽ፣ ድመቷን አስወጪ» የተባሉ እናቶች አጋጥመውኛል። አያስፈልግም። እነዚህን ልብ በሉ፦

• ድመት ማቀፍና መዳሰስ ዋናው መተላለፊያ መንገድ አይደለም። ዋናዎቹ ጥሬ ወይም ለብ ብሎ የወጣ ሥጋ መብላት፣ ያልታጠበ አትክልት፣ የተበከለ ውኃና አፈር ናቸው። ቁርጥና ለብለብ ክትፎ ለነፍሰ ጡር ከድመቷ የባሱ ናቸው።

• ድመት ይህን ዘር በብዛት የምታወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ዕድሜዋን በሙሉ አይደለም።

• ዓይነ ምድሯ እንደወጣ ወዲያው አያስይዝም። ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

• የሚጠርገው ሌላ ሰው ይሁን። ሰው ከጠፋ ነፍሰ ጡሯ ጓንት አድርጋ ትጥረግ፣ እጇንም በሳሙና ትታጠብ። በእህቴ ቤት ሥራው የባለቤቷ ሆነ።

• በጓሮ አፈር ስትሠሩም ጓንት አድርጉ። ድመት ያልደረሰበት የጓሮ አፈር የለም።

ሥጋን በደንብ መቀቀል ይህን ተሕዋስ ይገድላል። ከዜሮ በታች 12 ዲግሪና ከዚያም በታች ለቀናት ማቀዝቀዝም በአብዛኛው ይገድለዋል፤ የራቤል ብርድ ግን ፍሪዘር አይሆንም። ማቀዝቀዝ እንደ ሳልሞኔላ ያሉትን ባክቴሪያዎችም፣ ቫይረሶችንም አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከቤት የማትወጣ ድመት፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ የቀዘቀዘ ጥሬ የተርኪ ሥጋ በልታ በወፍ ጉንፋን ሞታለች። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት፣ ለድመት ጥሬ ሥጋ አይግባ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ በጉ ሳንባና ጉበት አንድ ነገር ልጨምር። ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር ካያችሁበት ለውሻ አትጣሉት፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻ አንጀት አድጎ ወደ ልጆቻችን ጉበትና ሳንባ የሚመለስ ነው።

በመጨረሻ ምን ትብላ?

ቀይ ሥጋ ብቻውን ሙሉ ምግብ አይደለም። ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። አይጥን ከነአጥንቷ የምትበላ ድመት የሚደርሳት ነገር፣ ጭቅና ብቻ የምትበላዋ ይጎድላታል። ሌላው ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እኛ በሰውነታችን እንሠራዋለን፤ ድመት ግን በበቂ መጠን አትሠራውም፣ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች የብዙ ድመቶች የልብ ድካም መንስኤ የታውሪን እጥረት መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች በድመት ምግብ ላይ ጨምረው ነው የሚያዘጋጁት።

ታውሪን በብዛት ያለው በልብ ሥጋ ነው። ሲቀቀል ግን ወደ ውኃው ይወጣል፤ ስለዚህ መረቁን አትድፉ፣ ለብ አድርጋችሁ ከሥጋው ጋር ስጧት። የጎደለው የውኃ ጉዳይም በዚያው ይቃለላል።

እህቴና ባለቤቷ የደረሱበት ስምምነት መሐከለኛ ነው። ቡልዬ ጠዋትና ማታ የተቀቀለ የበግ ሥጋና ልብ ከነመረቁ፣ አንዳንድ ቀን እንቁላል ትበላለች። ቀትር ላይ ጥቂት ቆሎ አላት፤ በወር አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላክላታል። ቆሎው የቀረው ሥጋው የሚያጎድለውን እንዲሞላ ነው። 6 ኪሎ የነበረችው 5 ከግማሽ ሆናለች፤ እህቴም በሰላም ተገላግላለች። ደረቁን ጨርሶ ማስወገድ ግዴታ አይደለም። ሙሉ በሙሉ በቤት ምግብ ማሳደር ከፈለጋችሁ ግን መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስንላችሁ። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ፤ ለላምና ለበግ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• 24 ሰዓት ምንም አለመብላት፣ የለመደችውንም እምቢ ማለት

• የድድ፣ የዓይን ወይም የጆሮ ውስጠኛ ክፍል ቢጫ መሆን፣ ወይም ድዱ ነጣ ማለት

• ተደጋጋሚ ትውከት፣ ምራቅ መዝረክረክ

• ማማጥና ሽንት አለመውጣት

• በድንገት ጠባይ መለወጥ፣ ያለ ምክንያት መናከስ። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ድመትም ይይዛታል። ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጠጠች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ነፍሰ ጡር እህት፣ ጎረቤት ወይም ድመት ያለው ወዳጅ ካላችሁ አጋሩላቸው።

መልካም ጤንነት ለእናንተም፣ በቤታችሁ ላሉትም!